በእጅ የተሰጠ አለ?

ውድ ፈታታው፣

ይህን ስጽፍልህ ፊት ለፊቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል። የሚጣ የኢንሱሊን ፓምፕ አጠገቡ ተጋድሞ የቱቦውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነክሯል። በየአምስት ደቂቃው እዝዝ ይልና ለዓይን የማትሞላ ጠብታ ይተፋል። ልጄ ላይ ከመሰካቱ በፊት ሦስት ቀን ብርጭቆ ላይ ይሞከር ተብሎ ነው። ሚጣ ብርጭቆውን "በሽተኛው" ብላ ስም አውጥታለት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ "በሽተኛው እንዴት ዋለ?" ትለኛለች። እሷ ትስቃለች። እኔ ጠብታዎቹን እቆጥራለሁ።

ነገ ከሰዓት በኋላ ያ ቱቦ ከብርጭቆው ወጥቶ እሷ ሆድ ላይ ይገባል። ፓምፑን የሚያዘውን ፕሮግራም ከተጻፈው ኮድ ኮምፒውተር ላይ አጠናቅሬ ስልኳ ላይ የጫንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። የስልኬን ማንቂያ ደወል ለማጥፋት ከጓሮ ክፍልህ እየጮህኩ እጠራህ የነበርኩት እህትህ።

ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ለአንተ ተናግሬ አላውቅም። "እትዬ ጄኔራል" እያልክ የምትቀልድብኝ እኮ የማልፈራ መስሎህ ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ አንተ ከዚህ ቤት ከወጣህ ወዲህ ሳልፈራ የዋልኩበት ቀን የለም። የምፈራው ደግሞ ኮምፒውተሩን ብቻ አይደለም። አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ዛሬ ሳልነግርህ ከዚህ ወንበር አልነሳም ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ይኸው ግን ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ደርሼም ዙሪያውን እዞራለሁ።

ከሁለት ወር በፊት ሚጣን ለየሦስት ወሩ ምርመራዋ ወሰድኳት። ዶክተሯን ታስታውሳታለህ፣ ያቺ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልገዋ። የደሙን ውጤት አየች፣ መልሳ አየች።

"ዓመቱን ሙሉ እየባሰ ነው የመጣው" አለች በመጨረሻ። "በመርፌ ብቻ ስኳሯን መቆጣጠር አልተቻለም። በዚሁ ከቀጠለ ዓይኗን ይነካል፣ ኩላሊቷን ይነካል። ያኔ ስልኩና ፓምፑ እየተነጋገሩ ኢንሱሊኑን ሲሰጧት እኮ እንዴት ደህና ነበረች!"

"ያኔ ሊገድላት ነበራ" አልኩ። አፌ ለምዶታል።

"እሱን መች ረሳሁት። ግን ያንን ፕሮግራም ስንት ልጆች ይኖሩበታል። የዚያን ቀን ምን እንደተፈጠረ እስከ ዛሬ አልገባኝም።"

ሚጣ እግሯን እያወዛወዘች ወለሉን ታያለች። "የአጎቴ ፕሮግራም ይመለስልኝ" አለች ቀና ሳትል። "መርፌ ሰልችቶኛል። ሆዴ ወንፊት ሆነ እኮ።"

እኔ ግን "አልገባኝም" የሚለው ቃል ላይ ቀርቻለሁ። ለዶክተሯ አልገባትም፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ገብቶኛል።

እንግዲህ ልናገረው። ያን ቅዳሜ አንተ ሥራ ነበርክ። ሚጣ ከጎረቤት ልጅ ልደት ኬክ በልታ መጥታ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ክንዷ ላይ ያለው ሴንሰር የሚልከውን የስኳር ቁጥር ስልኩ ላይ አየሁ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ቀስቱም ወደ ላይ። ፓምፑ ኢንሱሊን እየሰጣት መሆኑንም አይቻለሁ። "እትዬ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል አትደንግጪ። ኢንሱሊን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል፣ ታገሺው። አላስችል ብሎሽ በመርፌ ከሰጠሻት ደግሞ ለስልኩ ንገሪው። ካልነገርሽው አያውቅም፣ በላዩ ይደርብባታል" ብለኸኛል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ ብለኸኛል። እኔ ሃያ ደቂቃ እንኳን አልታገስኩም። ቁጥሩ ሦስት መቶ ሠላሳ ሲሞላ ከማቀዝቀዣው መርፌውን አወጣሁና፣ ሳልቀሰቅሳት፣ ወጋኋት።

ለስልኩም አልነገርኩትም። ብነግረው ከሥራ ስትመለስ ከፍተህ ታየዋለህ። "ደግሞ ነካካሽው?" ትለኛለህ፣ ያቺን ቅንድብህን አንስተህ። ያቺን ቅንድብ ላለማየት ነው ያልመዘገብኩት። ብፈልግ ብፈልግ ሌላ ምክንያት አጣሁለት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ይላል። ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ጥርሷ ገጥሟል፣ ብጠራት አትሰማኝም። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ማር በጣቴ ድዷን እየቀባሁ ምን ብዬ እንደጮህኩ ጎረቤቶቹ ናቸው የሚያውቁት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ደረስክብኝ። ላብህ በሸሚዝህ ወጥቷል፣ የሚጣ ስልክ እጅህ ላይ ነው፣ አባታችን አባባም አጠገባችን ቆሟል። "እትዬ፣ በእጅ የተሰጠ አለ?" አልከኝ። ቀስ ብለህ ነው የጠየቅከኝ። ቅንድብህን እንኳን አላነሳህም። በክፍት በሩ በኩል ጉሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታ እያየኋት፣ "ሚጣ ትሙት፣ ምንም አልሰጠኋትም!" አልኩህ።

መቼም በቀን አሥር ጊዜ የምንለው ነገር ነው። ሽንኩርት ስንገዛ እንኳን "እገሌ ትሙት፣ ትናንት በዚህ ዋጋ ገዝቻለሁ" እንላለን። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ተሰማኝ። ልጄ በሞትና በሕይወት መካከል ተኝታ፣ በልጄ ሞት፣ በሐሰት ማልኩ። ድንጋጤዬን ለመሸፈን ደግሞ ባንተ ላይ ጮህኩ። "ኮድህ ልጄን ሊነጥቀኝ ነበር" አልኩህ። አባባ ፊቱን አዞረብህ። አንተ ስልኩን ኪስህ ከተትክና ወንበር ፈልገህ ተቀመጥክ። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ።

ከዚያ ወዲህ ሚጣ ስትስል፣ መንገድ ስትሻገር፣ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ስትዘገይ፣ "መሐላዬ ደረሰባት" እላለሁ። ፍርሃቴ ይሄ ነው። ለማን ይነገራል? ዓመት ከአራት ወር ብቻዬን ይዤው ኖርኩ።

ከክሊኒኩ እንደተመለስን በድሮ ቁጥርህ ደወልኩ፤ አገልግሎት ላይ የለም። አባባን ጠየቅኩት። ጋዜጣውን ሳያጥፍ "ደህና ነው፣ ይጽፍልኛል። አድራሻው አለኝ፤ አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለ። ስጠኝ ሳልለው ተነሳሁ። ምን ብዬ ልጻፍልህ? "ና ሥራልን" ከማለቴ በፊት ማለት ያለብኝ ሌላ ነገር ነበር። እሱን ከመናገር ኮምፒውተር መማር ቀለለኝ፤ እስከዚህ ድረስ ነው እንግዲህ ፈሪነቴ።

መጀመሪያ ያሰብኩት የተሠራውን ከሰው ለመቀበል ነበር። የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች በቋንቋችን በኢንተርኔት የሚጻጻፉበት ቡድን ውስጥ ገባሁና "ፕሮግራሙ ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ" ብዬ ጻፍኩ። የመለሰልኝ ሰው ራሱን "ጡረተኛው" ብሎ ይጠራል። ዕድሜውን ሙሉ የመርከብ መካኒክ ነበር፤ አሁን ለልጅ ልጁ ሲል ሌት ተቀን እዚያ ተጥዶ የሰው ጥያቄ ይመልሳል።

"እመቤቴ፣ እዚህ ሰፈር ተሠርቶ የሚላክ ነገር የለም" አለኝ። "ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ያውርዱ፣ ያንብቡ፣ ይቀይሩ። ግን እያንዳንዱ ሰው ለገዛ ልጁ በገዛ እጁ ነው የሚያጠናቅረው። ንፉግ ሆነን አይደለም። ልጅዎ ላይ ምን እንደጫኑ ሳያውቁ እንዳይጭኑ ነው።"

"እኔ እኮ የልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነኝ" ብዬ ጻፍኩለት።

"ታዲያ ከእኔ ይሻላሉ! ኮዱ ፓተርኑ ነው። ማጠናቀር መስፋቱ ነው። ስልኩ ላይ መጫን ማልበሱ ነው። ሳይለኩ እንደማያለብሱ አምናለሁ።"

ጨርቅ የምቆርጥበትን ፓተርን ሲለኝ ትንሽ ልቤ ተመለሰ። ግን ወዲያው ሌላ መጣ። የሚጣ አዲሱ ስልክ ዋናውን እትም አይቀበልም። ለአዲሶቹ ስልኮች የሚሆነው ገና አልወጣም፤ ከልማት ማከማቻው ነው የሚገኘው ተባልኩ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩ።

"ዋናው ማከማቻ ሱቅ ነው" አለኝ ጡረተኛው። "ተፈትኖ፣ ተጠቅልሎ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ። የልማቱ ግን ጓዳው ነው። ሥራው እዚያ ገና እየተሠራ ነው፤ ዛሬ የሰኩትን ነገ ሊነቅሉት ይችላሉ።"

"ታዲያ ለልጄ ከጓዳ አውጥቼ ልጫንላት ነው?"

"ፈርተው ይጫኑ" አለኝ። "የሚፈራ ሰው መመሪያ ያነባል። እኔን የሚያስጨንቁኝ የማይፈሩት ናቸው።"

ትተኸው የሄድከውን አሮጌ ላፕቶፕ ከቁም ሣጥኑ ሥር አወጣሁት። በትርፍራፊ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ተቆጥቼብህም ልጥለው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ ኖሮ በሳቅ ትሞት ነበር። መጀመሪያ ተሳስቼ ሱቁን አወረድኩ፣ ሦስት ቀን ለፍቼ አጠናቀርኩት፣ ስልኩ መልሶ አስወጣው። እንደገና ጓዳውን አወረድኩ። ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ መመሪያውን በወረቀት አትሜ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ፤ ያልገባኝን በጠመኔ አሰምርበታለሁ። አለቃችን "ምንድነው ይሄ፣ የትኛው ደንበኛ ነው ይህን ያዘዘው?" አለችኝ። ልጄ ናት አልኳት።

ቤት ስገባ ትእዛዙን እጽፋለሁ፣ ማሽኑ ያጓራል፣ ጽሑፉ ይሮጣል፣ ከዚያ ቀይ። ቀይ መስመር ማለት አልተሳካም ማለት ነው። አንዱ ቀይ አንድ ዕቃ ጎድሏል ይላል፣ ያንን አወርዳለሁ። ሌላው ዕቃው አርጅቷል ይላል። ሌላው ቦታ ሞልቷል ይላል፤ ፎቶዎችህን አንድም ሳልነካ ወደ ሌላ አዛወርኳቸው። አንዱ ቀይ ግን አራት ቀን አስለቀሰኝ። ያልነካካሁት ነገር የለም፤ ያው፣ ያው፣ ያው። በመጨረሻ የስክሪኑን ፎቶ ለጡረተኛው ላክሁለት።

"እመቤቴ፣ ኮዱን ያስቀመጡበትን ማኅደር ምን ብለው ነው የሰየሙት?" አለኝ።

"ለሚጣ" ብዬ። በራሳችን ፊደል። አዲስ ማኅደር ስከፍት ስም ስጥ አለኝ፣ ለማን እንደሆነ ጻፍኩበት፤ በስፌት ቤት የተቆረጠ ጨርቅ የባለቤቱ ስም ሳይጻፍበት አይቀመጥም። የሚያጠናቅረው መሣሪያ ግን የማኅደሩ ስም ላይ ፊደላችንን ሲያገኝ ማንበብ አቅቶት ይወድቃል። ጡረተኛው "እዚህ ቡድን ውስጥ ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ የልጃችንን ስም ጽፈንበት ወድቀናል፤ እንኳን ደህና መጡ" አለኝ። ስሟን በላቲን ፊደል ቀየርኩት። ማሽኑ አርባ ደቂቃ አጓራና ቆመ። በአረንጓዴ፣ ተሳክቷል አለ።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ላፕቶፑን ዘጋሁት። እስከዚያ ድረስ አለመሳካቱ ከልሎኝ ነበር ለካ። አሁን የቀረው መጫን ብቻ ነው።

"አይጫኑም" አለኝ ጡረተኛው። "ከጓዳ የወጣ ነገር ከመጫኑ በፊት፣ ካለፈው እትም ወዲህ ምን ምን እንደተለወጠ ዝርዝሩ ይነበባል። ከአንደኛው እስከ መጨረሻው። ሕጋችን ነው።"

እሑድ ከሰዓት ነበር። እኔ የቀሚስ ጠርዝ እሰፋለሁ፤ ሚጣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝርዝሩን ከእንግሊዝኛ እየመለሰች ታነብልኛለች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ በብዙ ይሻላል። "ከአዲሶቹ ስልኮች ጋር እንዲግባባ ተደረገ... የሰዓት ስህተት ታረመ... የፓምፑ ባትሪ ማስጠንቀቂያ ቀደም ብሎ እንዲጮህ ተደረገ..." ከመቶ በላይ ነው። እያዛጋች ታነባለች። ድንገት ቀና አለች።

"ምነው?"

"እማ፣ ፈታታው ይላል።"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። "ምንድነው የሚለው?"

"ይህን ለውጥ የሠራው ሰው ስም። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፈው፤ ግን ፈታታው ነው።" ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበችው። "'አስታማሚው በመርፌ የሰጠው ኢንሱሊን ካለ ፕሮግራሙ አያውቀውም። አስታማሚው ደግሞ ፈርቶ ላይናገር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ከመስጠቱ በፊት ፕሮግራሙ ራሱ ይጠይቅ። መልስ እስኪያገኝ ድረስ አይስጥ።'"

ቀኑን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። ሚጣ ከሆስፒታል በወጣች በአሥራ አንደኛው ቀን።

ያኔ ገና እዚህ ነበርክ! ያ ሁሉ ስድብ በመስኮትህ ሥር ሲያልፍ፣ አንተ በርህን ዘግተህ ቁጥሮቹን ስትደምር ስትቀንስ፣ ፓምፑ የሰጠው ብቻውን ልጅ እንደማይጥል ደርሰህበታል። ያላንዳች ጥርጥር አውቀኸኛል። አውቀህም ወጥተህ "ይቺ ናት" አላልክም። ተቀምጠህ ጥያቄ ጻፍክ። ከዚያ ጥፋቴን ተሸክመህ ሄድክ።

ከሥሩ ሰዎች የተጻጻፉትም ነበር። ሚጣ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ቀንሷል። የማከማቻው ኃላፊ የሆነች ሴት "ሐሳቡ መልካም ነው፤ ወደ ዋናው እትም ለማስገባት ግን ይህ በእውነት የደረሰ ነገር መሆኑን ማወቅ አለብን። የደረሰበት ሰው አለ?" ብላሃለች። አንተ "አለ" ብለሃል። እሷ "ማነው? ይምጣና ይመስክር" ብላሃለች። አንተ "ነገሩ የሌላ ሰው ነው። እኔ አልናገርበትም" ብለሃል። እዚያ ላይ አለቀ። ዓመት ከአራት ወር ጓዳ ውስጥ ተቀመጠ። ዋናውን እትም የጫኑ እናቶች ስልክ ላይ ያ ጥያቄ የለም። ከእነሱ አንዷ አንድ ቅዳሜ መርፌ ይዛ ልጇ አጠገብ ቆማ እንደሆነ ማን ያውቃል? ይህን ሳስብ ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ሚጣ" አልኩ። "አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ከነገርኩሽ በኋላ ብትጠዪኝ..."

"አውቀዋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"መርፌውን። ስትወጊኝ ነቅቻለሁ። እንቅልፌ ስለነበር ዓይኔን አልገለጥኩም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?"

ላፕቶፑን ዘጋችው። "በእኔ ስትምይ ሰማሁሽ። በሩ ክፍት ነበር እኮ። ውሸት መሆኑን ከተናገርኩ የምሞት መሰለኝ። ዝም ካልኩ ግን ማንም ስለማያውቅ መሐላው እውነት ሆኖ ይቀራል አልኩ።"

ወንድሜ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔ መሐላዬ ይደርስባታል ብዬ ስትተነፍስ ጆሮዬን ደግኜ ስሰማ፣ እሷ ደግሞ ለመኖር ብላ አፏን ዘግታ ትኖር ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ እየበላን። ከወንበሬ ወርጄ ጉልበቷን አቅፌ አለቀስኩ። እጇን ፀጉሬ ውስጥ አድርጋ ትንሽ ቆየችና፣ "እማ፣ ሌላ ጊዜ መማል ካለብሽ በአባባ ማይ፤ እሱ በደንብ ኖሯል" አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። እውነቱንም ቀልዷንም ለአባባ ነግረነዋል፤ ጋዜጣውን አጥፎ "ምን አደረግኳችሁ?" አለ። ከዚያ ግን ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣና ያንተን ክፍል መስኮት ከፈተው። ከሄድክ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ብቻዬን ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አድርጋ አየችኝ። "ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ይቺ ልጅ ዓመት ሙሉ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ቢጨርሱት የሚሻል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይኸው እኔ በየቀኑ እጨርሰዋለሁ። ቱቦው ነገ ዶክተሯ ፊት ነው የሚሰካው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፕሮግራሙ "ይህን ያህል ስጡ" ብሎ ይመክራል እንጂ በራሱ አይሰጥም፤ እንዲያ ነው የተስማማነው።

ረቡዕ ስልኳ ላይ ጫንኩት። ሴንሰሩ የሚጣን ስኳር ይልክለታል፣ ፓምፑ ለብርጭቆው ይሰጣል፣ እሷ ግን ለጊዜው በመርፌዋ ናት። ገና እንደተከፈተ፣ ምንም ሳልነካ፣ ጥያቄህ በቋንቋችን መጣ። "በእጅ የተሰጠ አለ?" ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ "አዎ ማለት አያስቆጣም።" ድምፅህ ነው፤ ያ የኮሪደሩ፣ ቀስ ያለው። ከምሳ በፊት አራት ዩኒት በመርፌ ወግቻት ነበር። "አዎ" የሚለውን ነካሁ። አራት ብዬ ጻፍኩ። "መዝግቤያለሁ፣ እታገሳለሁ" አለኝ። ፓምፑ ዝም አለ። ብርጭቆው አጠገብ ተቀምጬ ዝም ያለውን ፓምፕ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ትናንት ደግሞ ኃላፊዋ "የደረሰበት ሰው አለ?" ብላ የጠየቀችበት ቦታ ሄጄ መልስ ጻፍኩ። ሚጣ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ አንዲት ቃል አላለሳለሰችም። እኔ ነኝ አልኩ። ልጄን በመርፌ ወግቼ ለፕሮግራሙ ሳልነግር ቀረሁ፣ ልጄ ወደቀች፣ ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ጣልኩ፣ ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው ዝም ብሎ ስሜን ሸፈነልኝ፣ ከእንግዲህ አይሸፍንልኝ አልኩ። ላኪ የሚለውን ስጫን ያየሁት ፍርሃት በማጠናቀሩም በመጫኑም አላየሁትም። ዛሬ ጠዋት ኃላፊዋ ሦስት ቃል መለሰች፤ "ወደ ዋናው ገብቷል።" ሱቁ ገባልህ እንግዲህ። ጡረተኛውም አንብቦት ኖሮ፣ "እመቤቴ፣ እኔም አንድ ጊዜ..." ብሎ ጀምሮ ቆየና አጠፋው። አልጠየቅኩትም።

አሁንም እፈራለሁ። ነገንም፣ ከነገ ወዲያንም። አባባ አድራሻህን ሰጥቶኛል፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ቱቦው ሆዷ ላይ ስንት ቀን እንደሚሆነው አላውቅም። የልጅቱን ቁጥር ከሩቅ ማየት የሚችሉ ሰዎች ዝርዝር አለ፤ እኔና ዶክተሯ አለን። ሚጣ ሦስተኛ አንተን አስገብታሃለች፣ መልእክቱ ደርሶህ ይሆናል። ካልፈለግህ አትክፈተው፤ አልቀየምም፤ መቀየም የምችልበት አንደበት የለኝም። ከፈለግህ ግን ከየትም ሆነህ ቁጥሯ በየአምስት ደቂቃው ይደርስሃል፤ አለች ማለት ነው።

ከእንግዲህ በማንም አልምልም። ስለዚህ አሁን የምልህን ያለ መሐላ እመነኝ። ኮሪደሩ ላይ ጠይቀኸኝ ነበር።

አዎ፣ አለ። ስድስት ዩኒት፣ ቀኝ ጭኗ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። የሰጠኋት እኔ ነኝ።

እህትህ